ለመዶሻ የተተወ ቦታ

«ለቅሶ ቤት የሚወራ ነገር እንዳልሆነ አውቃለሁ» አለ አሳታሚው፣ የሻይ ብርጭቆውን ወለሉ ላይ አስቀምጦ። ካለ በኋላም አወራው።

መዶሻ ከተቀመጠችበት ፍራሽ አንገቷን ወደሱ አዘነበለች። እናቷ ያወጣችላት ስም ሌላ ነው፤ ነገር ግን ድራም መቺ ናትና ባሏ ዘፋኙ «መዶሻ» ካላት ጀምሮ የድሮው ስሟ የሚታወሰው መሥሪያ ቤት ስትሄድ ብቻ ነበር። አሁን ባሏ ተቀብሮ፣ ሶፋው ወደ ጓዳ ተገፍቶ፣ ከየጎረቤቱ በተሰበሰቡ ወንበሮች ላይ ሰው ጢም ብሎ፣ እሷ ጥቁር ለብሳ ከባሏ ታላቅ እህት ጎን ተቀምጣለች።

«ሕዝቡ ገና እያለቀሰለት ነው» ቀጠለ አሳታሚው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሬዲዮው ጠዋት ማታ እሱን ነው የሚያጫውተው። አልበሙን አሁን ያላወጣን መቼ ልናወጣው ነው? የዘንድሮ ሰው እንደሆነ እንባው ሳይደርቅ ነው የሚረሳው።»

«የተቀዳው ድምፁና ጊታሩ ብቻ ነው። ድራሙ ገና ነው» አለች መዶሻ።

«እሱን ለኮምፒውተር ሰጥተነዋል። አንቺን ሐዘን ላይ ሆነሽ እንዴት ብዬ ሥሪ እልሻለሁ? የሚቀዳው ልጅ ጎበዝ ነው፣ አታስቢ። ያስቸገረው ድምፁ ብቻ ነው። ነፍሱን ይማረውና አዘፋፈኑ ይንሸራተታል። አንዴ ይሮጣል፣ አንዴ ይተኛል። ከማሽኑ ጋር አልሄድ ሲል ጊዜ እየቆራረጥን ወደ ቦታው እየመለስነው ነው።»

«ምኑን ነው የምትቆራርጡት?»

«ድምፁን።»

አሳታሚው የመዶሻን ዝምታ እንደ እሺታ ወስዶት «እግዜር ያጽናሽ» ብሎ ተነሣ፤ ለባሏ እህትም እጅ ነሥቶ ወጣ። ብርጭቆው ግማሽ ሻይ እንደያዘ ወለሉ ላይ ቀረ።

የባሏን እህት ሰፈሩ ሁሉ እትዬ ይላታል። እናታቸው ቀድማ ስለሞተች ወንድሟን አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። ይህንንም እሷ ራሷ አታስረሳም። «ምን አለሽ ሰውዬው?» አለች ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ።

«ስለ ሥራ ነው፣ እትዬ።»

«ሥራ ይደርሳል። አሁን ለቅሶሽን አልቅሺ።»

መዶሻ ለማልቀስ ሞከረች። የመጣላት ግን ንዴት ነበር፤ ለቅሶ ቤት የማይፈቀድ፣ ከደረት ተነሥቶ ክንድ ላይ የሚወርድ ንዴት።

ባሏ ሐኪሙ ሳንባህ ደክሟል ካለው በኋላ ነበር አዲሱን አልበም የጀመረው። የኩሽናው ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ በማንኪያ እየመታ ግጥም ይገጥም ነበር፤ አንድ ስንኝ ሲሞላለት ይስቃል፣ ሲስቅ ይስላል። ስቱዲዮ የገባ ቀን መዶሻ አብራው ልትሄድ ስትነሣ «አንቺ ቆይ» አላት። «መጀመሪያ ትንፋሼ ሳያልቅ ድምፁን ላስቀምጥ። ያንቺ ክንድ የትም አይሄድም። እኔ ስጨርስ ቀስ ብለሽ ትመችበታለሽ።» እሱ ጨረሰ። እሷ ሳትጀምር እሱ አልጋ ላይ ዋለ፤ ከዚያ አልጋም አልተነሣም።

ከሰዓት በኋላ የድሮ ሙዚቀኞች መጡ። ከነሱ ጋር ባሏ በወጣትነቱ ይዘፍንበት የነበረው ሆቴል አስተናጋጅ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ሽማግሌው አንገታቸውን ደፍተው ትንሽ እንደ ቆዩ አላስችል አላቸው።

«የመጋረጃውን ነገር የሰማ አለ?» አሉ።

እትዬ ጉሮሮዋን ጠረገች፤ ይበቃል ማለቷ ነበር። ሽማግሌው ግን ጆሯቸው ትንሽ ከበድ ስለሚል ቀጠሉ።

«እኔ ነበርኩ ያን ማታ መጠጥ የማድለው። ድራም መቺው ቀርቶ ሁሉም ተጨንቋል። ይቺ ቀጭን ልጅ መጥታ ‹እኔ ልምታ› አለች። አባቷ የማርሽ ባንድ ከበሮ መቺ ነበሩ፤ ልጅቷ በእንጨት ማንኪያ እየመታች ነው ያደገችው። የሆቴሉ ባለቤት ግን ‹ሴት ድራም ስትመታ እንግዳ ይስቅብኛል፤ ግድ ከሆነ መጋረጃ ጀርባ ሆና ትምታ› አለ። ድራሙን ወስደን መጋረጃ ጀርባ አደረግነው። ሰዓቱ ሲደርስ መብራት በራ። መድረኩ ላይ ሰው የለም።»

«እንዴት የለም?» አለች አንዲት ጎረቤት፣ ጥቁር ሻሿን ከጆሮዋ ገለል አድርጋ።

«ዘፋኙ ማይኩን ይዞ መጋረጃው ውስጥ ገባ። ቤዙም ተከተለው፣ ኪቦርዱም ተከተለ። ድምፅ ይሰማል፣ ሰው አይታይም። እንግዳው መጀመሪያ ተገረመ፣ ቀጥሎ ሳቀ፣ ቀጥሎ ጠረጴዛ መደብደብ ጀመረ። ባለቤቱ እየሮጠ መጥቶ ‹ውጡልኝ እባካችሁ› ቢል፣ እሱ ማይኩ ላይ ምን ቢል ጥሩ ነው? ‹የኛ ቤት እዚህ ነው፤ እንግዳ ከሆንክ ግባ› አለው። ሰውዬው መጋረጃውን በገዛ እጁ ጎትቶ ጣለው።»

ሳሎኑ ውስጥ ሳቅ ፈነዳ። ሳቁ ራሱን አፍሮ ቶሎ ዝም አለ፤ እትዬ ብቻ አልሳቀችም። መዶሻ ግን ፈገግ ስትል የጉንጯ ቆዳ እንደ ደረቀ ጭቃ ሲላቀቅ ተሰማት።

ሽማግሌው ስለማያውቁት ያልነገሩት፣ ከዚያ በኋላ የሆነውን ነበር። ዕቃ ሲሰበሰብ ዘፋኙ መጥቶ አጠገቧ ቆመ። የሱ አዘፋፈን የታወቀ ነበር፤ ግጥሙ ሲይዘው ይሮጣል፣ ሲያሳዝነው ወደ ኋላ ይቀራል። ድራም መቺዎች ሁሉ «ልክ ጠብቅ» እያሉ ይጣሉታል። እሷ ያን ማታ አልተጣላችውም። ሲሮጥ ሮጠች፣ ሲቆይ ቆየችው።

«መምታት ማን አስተማረሽ?» አላት።

«አባቴ።»

«ሰው መጠበቅስ?»

«እሱን አሁን ነው የተማርኩት» አለችው። እሱም ሳቀና «መዶሻ» አላት፤ በዚያው ጸና።

ይህን ያህል ሲወራ እሱ መልአክ ሊመስል ይችላል። አልነበረም። የመጀመሪያውን ካሴት ሲያወጣ የዚያን ጊዜው አሳታሚ «ስቱዲዮ ቀልድ አይደለም» ብሎ ሌላ ድራም መቺ አመጣ፤ እሱም እንቢ አላለም። መድረክ ላይ መጋረጃ ያስጣለው ሰው ስቱዲዮ ውስጥ አንገቱን ደፋ። ወጣት ነበር፣ ካሴት ማውጣት ያጓጓዋል። መዶሻ ነገሩን የሰማችው አውቶቡስ ውስጥ ነው። ሾፌሩ ሬዲዮውን ከፈተው፤ የሱ ድምፅ፣ የሰው እጅ። ሰውየው ልክ ልኩን ይመታል። እሱ ከኋላው እንደታሰረ ጥጃ እየተጎተተ ይዘፍናል። መዶሻ ከመውረጃዋ በፊት ወርዳ በእግሯ ሄደች፤ ከዚያ በኋላ ስሙን ሲጠሩባት ፊቷን ታዞር ነበር።

ካሴቱ ተሸጠ፣ ስሙ ተጠራ። እሷ ከሌላ ባንድ ጋር ለሠርግ እየመታች ከረመች። አንድ ቀን ሠርግ ቤት ስትመታ እሱን አየችው፤ ሙሽሮቹ አያውቁትም፣ ማንም አልጠራውም። ካፖርቱን ክንዱ ላይ አድርጎ ከመድረኩ ፊት ለፊት ቆሞ እስክትጨርስ ጠበቃት። ሳትወርድ እዚያው ላይ ሳለች አናገራት።

«ያ ካሴት ላይ የሚዘፍነው እኔ አይደለሁም» አላት። «የሚመስለኝ ሰውዬ ነው።»

«ሂድና ለሚመስልህ ሰውዬ ንገረው» አለችው።

«ነግሬዋለሁ። ከእንግዲህ ያላንቺ አይቀዳም።»

ወዲያው አላመነችውም፤ ያመነችው ሲያደርገው ነው። ከሁለተኛው አልበም ጀምሮ አሳታሚ ሲመጣ «ድራም መቺዋ አለች?» ብሎ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱ ሆነ። ግጥሙንም እንዲሁ አያስነካም። የኪራይ ቤት ዘፈን የጻፈ ጊዜ፣

ቤቱ የሰው፣ ግድግዳው የሰው፤
ሳቃችን ብቻ ነው የኛ የምንለው።

የሚለውን ስንኝ «ሕዝብ ያስከፋል፣ ‹ቤቱ የኛ› ብለህ አቅናው» ቢሉት፣ «ስጽፈው ተከራይ ነበርኩ፤ ባለቤት ስሆን አቀናዋለሁ» ብሎ ሳይነካው ቀረ። ዘፈኑን ሬዲዮ ለረጅም ጊዜ አላጫወተውም። ሰው ግን በየቤቱ ይዘፍነው ነበር። እነሱም በዚያ ዘፈን ተጋቡ፤ እሱም የቤት ባለቤት ሳይሆን፣ እስከ መጨረሻው ተከራይ እንደሆነ ሞተ።

በማግሥቱ ጠዋት መዶሻ ፊቷን ታጥባ፣ ጥቁሩን ቀሚሷን ሳትቀይር ጫማዋን አደረገች። እትዬ ለመጪው እንግዳ ብርጭቆ እያጠበች ነበር።

«ወዴት ነው?»

«ስቱዲዮ።»

እትዬ ብርጭቆውን ቀስ አድርጋ አስቀመጠችው። «የሰማሁ አልመሰለኝም።»

«ድምፁን እየቆራረጡት ነው፣ እትዬ። ሄጄ ልምታለት።»

«ባልሽ አፈሩ ሳይደርቅ ድራም ልትመቺ ነው?»

«አፈሩ ሳይደርቅ ነው እነሱም የቆረጡት።»

«ሰውስ ምን ይላል? ሰው እየመጣ፣ ሐዘንተኛዋ የለችም፣ ዳንኪራ ሄዳለች ልበል?»

«ሰው የሚለውን ሲል ኖሯል። እሱም ሰምቶ አያውቅም፣ እኔም አሁን አልጀምርም።»

እትዬ እጇን በቀሚሷ አደረቀች። ፊቷ ተለዋወጠ። «እኔ ነኝ ያሳደግሁት» አለች። «ከዚህ በር ከወጣሽ ተመልሰሽ እኔ አጠገብ አትቀመጪም።»

መዶሻ መልስ አላጣችም፤ ነገር ግን እትዬን በዚህ ቀን በመልስ ማሸነፍ አልፈለገችም። «እንግዲህ እቆማለኋ» አለችና ወጣች። በሩ ላይ ለቅሶ ሊደርሱ የመጡ ሴቶች አገኟትና ደንግጠው ቆሙ። «ግቡ፣ ግቡ» አለቻቸው፣ «እትዬ አለች። እኔ ሥራ ደርሼ ልምጣ።»

ቤዝ ጊታር ተጫዋቹ አሮጌ መኪናውን አስነሥቶ ውጭ ይጠብቃት ነበር። ከመጋረጃው ጊዜ ጀምሮ አብሯቸው የኖረ ሰው ነው፤ የማይናገር በመሆኑ ዝምታ ይሉታል። ስልክ ስትደውልለት ያላት ነገር «እሺ» ብቻ ነበር። አሁንም እስከ ስቱዲዮው ድረስ ምንም አልተናገረም። መብራት ሲይዛቸው ግን መሀረቡን አውጥቶ ፊቱን ጠረገና መልሶ ኪሱ ከተተው።

ስቱዲዮው ከልብስ ስፌት ቤት በላይ ያለ፣ ግድግዳው በስፖንጅ የተሸፈነ ጠባብ ክፍል ነው። ከታች የስፌት መኪና ድምፅ ይሰማል፤ ከባዱ በር ሲዘጋ ግን ዓለም ጭጭ ይላል። የሚቀዳው ወጣት መዶሻን ሲያይ ከወንበሩ ተነሣ። ስክሪኑ ላይ የባሏ ድምፅ በትናንሽ ቁራጭ ተበጣጥሶ ተደርድሯል።

«ዋናውን ነክተኸዋል?» አለችው።

«ኧረ አልነካሁም። ኮፒውን ነው የሠራሁት። ዋናው እንዳለ አለ።»

«እሱን አሰማኝ።»

ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አደረገች። መጀመሪያ የወንበር መንቋቋት መጣ። ከዚያ ትንፋሹ። ከሞተ ወዲህ ድምፁን ከሬዲዮ ሰምታዋለች፤ ያ ግን የሁሉም ሰው ነበር። ይሄኛው ጉሮሮውን ጠረገ፣ የጊታሩን ክር አንዴ ነካ አድርጎ ለራሱ «በል እንግዲህ» አለ። መዶሻ የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘች። ዝምታ ዞር ብሎ የቤዙን ሳጥን መክፈት ጀመረ፤ የማይከፈት ይመስል ብዙ ጊዜ ወሰደበት።

ዘፈኑ ሲጀምር ከድምፁ ሥር ሌላ ነገር ይሰማ ነበር፤ ዱብ፣ ዱብ የሚል።

«ይቅርታ፣ እሱ ጫማቸው ነው» አለ ወጣቱ። «ሲዘፍኑ ወለሉን ይመታሉ። በኋላ አጠፋዋለሁ።»

«እንዳትነካው። የምመታው በሱ ነው።»

ዘፈኑ መሐል ሲደርስ ድምፁ አቆመ። ጊታሩም አቆመ። እግሩ ብቻ ዱብ ዱብ እያለ ቀጠለ፣ ቀጠለና ድምፁ እንደገና ገባ።

«እዚህም ላይ» አለ ወጣቱ፣ «ትንፋሽ እያጠራቸው ይመስለኛል፣ በየዘፈኑ እንዲህ ያቆማሉ። ባዶ ባዶውን አውጥቼ ገጥሜዋለሁ።»

መዶሻ ማዳመጫውን ከአንድ ጆሮዋ አነሣች። «መልሰው እስቲ።»

መለሰው። እንደገና ሰማችው። ሌላውን ዘፈን አስከፈተች፤ ሦስተኛውንም። በየአንዳንዱ ውስጥ እሱ ዝም ይልና እግሩ ይቀጥላል። ትንፋሽ ያጠረው ሰው እግሩን አይመታም። ትንፋሽ ያጠረውን ሰው ደግሞ እሷ አስታማዋለች፤ እንዴት እንደሚሰማ ታውቀዋለች።

«ባዶ አይደለም» አለች። «የኔ ነው። ‹እዚህ ላይ ያንቺ ተራ ነው› እያለኝ ነው። በሕይወቱ ሙሉ መድረክ ላይ እንዲህ ነበር የሚያደርገኝ። ያለኝን ሁሉ እንድመታ ዞር ብሎ እያየኝ ይጠብቀኛል።»

ወጣቱ ስክሪኑን አየ፣ እሷን አየ። ጆሮው ጫፍ ድረስ ቀላ። «እኔ... ሰው አልነገረኝም» አለ።

«ማንስ ይንገርህ? አሁን ነገርኩህ።»

ጥግ ወዳለው ድራም ሄዳ እንደተቀመጠች አሳታሚው ደረሰ። የስቱዲዮው ሰው ሳይሆን አይቀርም የደወለለት። በሩ ላይ ቆሞ፣ ድራሙ ላይ የተቀመጠችውን ጥቁር የለበሰች ሴት አየ።

«ምን ነካሽ? ሐዘንተኛ ነሽ እኮ» አለ።

«ለዚህ ነው የመጣሁት።»

«ሰው ሰምቶ እኔን ነው የሚወቅሰኝ። ደግሞስ ይሄ ድምፅ የማይያዝ ነው። ማሽን ያልያዘውን አንቺ እንዴት ትይዥዋለሽ?»

«አልይዘውም። እከተለዋለሁ። አንድ ዘፈን ስማ፤ ካልመሰለህ ያኔ እንነጋገር።»

«ጊዜ የለንም፣ እህቴ። ለኮምፒውተሩ...»

«ከኮምፒውተር ጋር ከሆነ እኔም አልጫወትም» አለ አንድ ድምፅ። ሁሉም ዞረው አዩ። ዝምታ ነበር። ቤዙን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ የሚታየውን ሰው ሁሉ ተራ በተራ እያየ ቆሟል። አሳታሚው ይህን ሰው ሲናገር ሰምቶት የማያውቅ መሆኑን ያኔ አስተዋለ መሰለኝ፤ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

የመጀመሪያው ሙከራ ተበላሸ። ባሏን ስታስታምም የድራም ዱላ ሳትጨብጥ ከርማ እጇ ልስልስ ብሏል፤ ዱላው ከጣቷ ወጥቶ ወለሉ ላይ ተንከባለለ። አሳታሚው ወደ ወጣቱ አየ። መዶሻ ጎንበስ ብላ ዱላውን አነሣች። «ከመጀመሪያው» አለች።

በሁለተኛው፣ ከሱ እግር ጋር ገባች። ግጥሙ ይዞት ሲሮጥ ሮጠች። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ትንፋሹ ሳሳ፤ ምቷን አቅልላ በድራሙ የናስ ሳህን ጠርዝ ብቻ ያዘችው። እሱ እዚያ ነበር፣ ከፊቷ፤ ጀርባውን ሰጥቷት እንደለመደው። ከዚያ ዝም አለ። እግሩ ዱብ ዱብ ማለቱን ቀጠለ፤ ቦታውን ለቀቀላት።

መታች። ከዚያ በፊት ያን ያህል መትታ አታውቅም። ሳሎኑን መታችው፣ ፍራሹን፣ «አይዞሽ»ን ሁሉ፣ አውቶቡሱ ውስጥ የሰማችውን የሰው እጅ፣ የሐኪሙን ኮሪደር። አልበቃትም፤ የሚበቃ ነገር አልነበረም። ዝምታ ዓይኑን ጨፍኖ ከሥር ከሥር ደገፋት። ልትዘገይ ነው ብሎ አሳታሚው ከወንበሩ ሲነሣ፣ ልክ በጊዜው እጇን ሰበሰበች፤ ባሏም ሳይዘገይ፣ ሳይጣደፍ ድምፁን አንሥቶ ገባ። ወጣቱ ሁለት እጁን ራሱ ላይ አድርጎ ቀረ።

ዘፈኑ ሲያልቅ አሳታሚው መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ይጠርግ ጀመር። ሲጨርስ ወደ ወጣቱ ዞሮ፣ «የቆረጥከውን ጣለው» አለ። ወደ መዶሻ ዞሮ ደግሞ «ቀሪውስ?» አላት።

«ቀሪውም ይመታል። የዛሬው ይበቃኛል፤ ለቅሶ ቤት ሰው ይጠብቀኛል።»

ቤት ስትደርስ ሰው ሞልቷል። ስትገባ ወሬው ተቋረጠ። ከወዲያ ጥግ አንዲት ሴት ለጓደኛዋ ስትንሾካሾክ «ከ...ድራም» የሚለው ብቻ ተሰማ። መዶሻ ጫማዋን አውልቃ ፍራሹ አጠገብ ደርሳ ቆመች። እትዬ ቀና ብላ አላየቻትም። መዶሻም እንዳለችው ቆመች። እንግዶች ገቡ፣ እንግዶች ወጡ፤ እሷ ግድግዳው አጠገብ ቆማ «አሜን» እያለች እጅ ጨበጠች። አንዱ ሲጨብጣት ሳታስበው ፊቷን አጨማደደች።

እትዬ ያኔ አየቻት። ጥቂት ቆይታ ትንሽ ወደ ጎን ፈቀቅ አለች፤ ፍራሹ ላይ የአንድ ሰው ቦታ ተገኘ። መዶሻ ተቀመጠች።

«ቆረጡት?» አለች እትዬ፣ ከፊት ለፊቷ ያለውን ግድግዳ እያየች።

«አልቆረጡትም።»

«ድምፁ ደህና ነው?»

«ደህና ነው፣ እትዬ። ይቸኩላል እንጂ።»

«ከልጅነቱም» አለች እትዬ፣ «ሳያኝክ ነበር የሚውጠው።» ከዚያም የመዶሻን እጅ ከጭኗ ላይ አንሥታ ገለበጠችው። መዳፏ ላይ ውኃ ቋጥሮ የፈነዳ ቁስል ነበር። እትዬ አየችው፤ አልጠየቀችም። ከራሷ ጥቁር ሻሽ ጠርዝ በጥርሷ ይዛ ቀጭን ቁራጭ ቀደደች፤ በለቅሶ ቤቱ ዝምታ ውስጥ የጨርቁ መቀደድ ለሁሉም ተሰማ። ቁራጩን መዳፏ ላይ ጠመጠመችላት።

«ነገም ትሄጃለሽ?» አለቻት።

«ነገም።»

እትዬ የጠመጠመችውን ፈታችና፣ እንደገና ጠበቅ አድርጋ አሰረችላት።